ከመጽሐፍ መደርደሪያው በስተጀርባ

በአዲስ አበባ ከተማ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስናልፍ የተደረደሩትን መጻሕፍት ሳንጐበኝ አንሄድም። መጽሐፍ ስናነሣ ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በደራሲው ስም ላይ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የደከሙትን ግን የሚያስባቸው ጥቂት ነው።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዘመን ጽሑፍ የሚሰናዳው የእርሳስ ፊደል በእጅ እየተለቀመ ነበር። የላቲን ፊደላት 26 ብቻ ሲሆኑ፥ በእኛ ፊደል ለቃሚ ፊት ግን 33ቱ በሰባት በሰባት ተባዝተው 231 ይሆኑ ነበር፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቈጠሩ ማለት ነው። እርሱም እያንዳንዷን ፊደል ከሣጥኗ እያነሣ፥ ያውም ተገልብጣ ሳለች እያነበበ፥ መሥመሩን ይሠራ ነበር። በ«ሠ» ፈንታ «ሰ»ን ቢያስገባ ደራሲው ይቈጣል፤ ባይሳሳት ግን የሚያመሰግነው አልነበረም።

ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር ወስዶታል። የቀረው ሸክም ግን አልቀለለም። አብዛኛው ወረቀት ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ብዙ ደራሲም የማተሚያውን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ መጽሐፉን በየመደብሩ በአደራ ያስቀምጣል። ሻጩ ደግሞ ያልተሸጠውን ጥራዝ አቧራ እያራገፈ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ለምሳ ሲከፍል የማይከራከር የተማረ ሰው በመጽሐፍ ዋጋ ላይ እንደ ሽንኩርት ገበያ ሲከራከር ማየት ያሳዝነናል።

የምናውቀው አንድ ሻጭ ግን፥ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲያነብ ቢያገኘው አያባርረውም፤ በርጩማ ያቀርብለታል።