ባትሪም ይበርደዋል

ለሚ ኩራ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የኅዳር ብርድ አያትና አራብሳ ኮንዶሚኒየም ብሎኬቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድረው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ስከፍት ብረቱ ጣት ያደነዝዛል፤ ባትሪውም ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይወርዳል።

ፕሮሰሰሩማ ብርዱን ይወደዋል፣ ማራገቢያው ድምፁ እንኳ አይሰማም። የሚቸገረው ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዘገያል፣ ኤሌክትሪኩ እንደልቡ አይወጣም። ቻርጁ ግን የትም አልሄደም፤ ክፍሉ ሲሞቅ ይመለሳል። አፕል ማክቡክን ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለበት ተጠቀሙ ይላል፤ የኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። ቢሆንም አትደንግጡ። ባትሪውን በቋሚነት የሚጎዳው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ማድረግ ነው፤ እሱን ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን ይጨነቁበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ብርዱን ሸሽተን ጋቢ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፈን የምንሠራው ነው (ራሴን ጨምሮ)። ጋቢው የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። እኛ ባለንበት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ሙቀት ማስወጣት ድሮም ይከብደዋል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ጋቢውን እናንተ ልበሱት።