ድምፄን የዘጋችው ቆቅ

ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ዜና ሳነብ ድምፄ ለምን እንደተዘጋ ብዙ ልጆች ጠይቃችሁኛል። ጉንፋን አይደለም። ቆቅ ናት።

በሚያዝያው እረፍት ከሐይቅ ተነስቼ አምባሰል አያቶቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከውጫሌ በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። አባባ ማሽላ ዘርተው ቆቆቹ በጠዋት እየመጡ ዘሩን ይጭሩባቸዋል። እኔም "አብሽሩ፣ እኔ አለሁ" ብዬ ወንጭፌን ይዤ ወጣሁ። አንዷን መታኋት፤ ሮጬ ስደርስ ግን ሞታለች። አባባ አይተው "ቢስሚላህ ሳይባልባት የሞተች በክት ናት፣ አትበላም" አሉኝ። በከንቱ ገደልኳት ማለት ነው። በማግስቱ በፈረስ ጭራ ወጥመድ መሥራት አሳዩኝ፤ አንዲት ቆቅ በሕይወቷ ተያዘች፤ እሳቸው አረዷት።

ማጽዳቱን እማማ "የያዘ ያጽዳ" ብለው ለኔ ሰጡኝ። (ወንዶች፣ አትሳቁ!) ቤት ዶሮ ሲበለት ስለማይ የፈላ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። "ተው! የቆቅ ቆዳ ስስ ነው፤ በፈላ ውሃ ከላባው ጋር ተልጦ ይመጣል" አሉኝ። ስለዚህ ሙቀቷ ሳይወጣ በደረቁ ነጨሁ። ሁለት ሦስት ላባ ብቻ ይዞ ወደበቀለበት አቅጣጫ መሳብ ነው፤ ብዙ ከያዙ ቆዳው ይቀደዳል። እኔ ደረቷ ላይ ቀደድኩት። የቀረውን በነበልባል ለብለብ አደረግነው። ቀጥሎ ከጭራዋ ሥር ትንሽ ተቀዶ ሆድ ዕቃዋ በሁለት ጣት ይወጣል። ከጉበቷ ጋር የተጣበቀችው አረንጓዴ ሐሞት ከፈረጠች ሥጋው ሁሉ ስለሚመር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ስከፍተው ማሽላ ወጣ። ቆጠርኩት፣ 23 ፍሬ! "ይኸው ሌባዋ!" አልኩ። ግን ምስጥም ነበረበት፣ የአረም ፍሬም ነበረበት። አባባ አረሙን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ዝም አሉ።

ከዚያ ሆዷ ውስጥ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ቢጫ አስኳሎች አገኘሁ። አንዱማ ቅርፊቱ ጠንክሮ ሊወጣ የደረሰ እንቁላል ነበር። እማማ "ወሩ እኮ የሚጥሉበት ነው" አሉ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም። ጎጆ ውስጥ የጣለችው ይኖር ይሆን ብዬ ቁጥቋጦውን ሁሉ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ሥጋዋን በሎሚና በጨው አጠብን። ትንሽ ስለሆነች እንደ ዶሮ 12 ብልት አላወጣንላትም፣ 6 ብቻ። ስብ ስለሌላት እማማ ቅቤ ጨመር አድርገው በዝግታ አበሰሏት። ውሸት አልጽፍም፣ በልቻለሁ፤ ትጣፍጣለች። (ወደ ሐይቅ ስመለስ መምህራችን የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል ነገሩኝ። ያን ቀን አላውቅም ነበር። ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።)

በማግስቱ ወጥመዶቹን ፈታሁ። አባባ "ማሽላዬንስ ማን ይጠብቅልኝ?" አሉ።

"እኔ" አልኩ።

ስለዚህ እረፍቱ እስኪያልቅ 4 ቀን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ማሳው ጫፍ ቆሜ "ሃይ! ሃሃይ!" ስል አረፈድኩ። ቆቆቹ ብርር ብለው ይሄዳሉ፤ ውሃ ልጠጣ ዞር ስል ይመለሳሉ። ሰኞ የሰማችሁት ከዚያ የተረፈኝን ድምፅ ነው።