የግሪምስዴል ወተት ቤት

ባለፈው ክረምት፥ ዝናቡ ከቤት አላስወጣን ባለበት በአንድ የቅዳሜ ማታ፥ ከእናታችን ጋር ሆነን አንድ የቆየ የእንግሊዝ አስቂኝ ፊልም ተመለከትን። ስሙ «ዘ ኧርሊ በርድ» ይባላል፤ ማልዳ የተነሣች ወፍ ማለት ነው። እንግሊዞች፥ ትሏን የምታገኛት ቀድማ የተነሣችው ወፍ ናት የሚል ተረት ስላላቸው፥ በሌሊት ተነሥቶ ወተት ለሚያድል ሰው ታሪክ ይህን ስም መስጠታቸው የተገባ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

እናታችን እንግሊዝኛ አያውቁም። ስለዚህ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ልናስተረጕምላቸው ተዘጋጅተን ነበር፤ ነገር ግን ሥራ አጣን። ፊልሙ ሲጀምር ለብዙ ደቂቃ የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጎሕ ሳይቀድ የማንቂያ ደወል ይጮኻል፤ ወተት አዳዩ ዓይኑን ሳይገልጥ ይነሣል፤ ሻይ ለማፍላት ይንገዳገዳል፤ የቤቱ ጌታና ቤቱን የምትጠብቀው ሴትዮም እንደዚሁ በእንቅልፍ ልብ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እናታችን ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። ሰው ሲንሸራተት የሚወድቀው በሁሉም ቋንቋ መሆኑን ያን ማታ ተረዳን።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ሚስተር ግሪምስዴል የሚባል አንድ ሽማግሌ ትንሽ የወተት ንግድ አለው። ሠራተኛው ኖርማን ፒትኪን አንድ ብቻ ነው፤ ማመላለሻውም ኔሊ የምትባል ፈረስ የምትጐትተው ጋሪ ነው። ወተቱን ሞልቶ በየደጁ ጠርሙሱን እያኖረ ይዞራል። በዚህ ላይ ኮንሶሊዴትድ ዴሪስ የተባለ ታላቅ ኩባንያ ይመጣበታል። ይህ ኩባንያ የከተማውን ወተት ሁሉ ጠቅልሎ ለመያዝ የተነሣ ሲሆን፥ ሠራተኞቹ የደንብ ልብስ የለበሱ፥ ጋሪዎቹም በኤሌክትሪክ ባትሪ የሚነዱ ናቸው። የኩባንያው አለቃ ስሙ ሚስተር ሀንተር ነው፤ ትርጓሜውም አዳኝ ማለት ስለሆነ፥ ደራስያኑ ስሙን እንዲያው በከንቱ ያወጡለት አይመስለንም። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ሊገምት ይችላል፤ ትልቁ ትንሹን ሊውጥ ይከጅላል፤ ትንሹም ከጕሮሮው ይሰነቀርበታል።

ፒትኪንን ሆኖ የሚጫወተው ኖርማን ዊዝደም ነው። ግሪምስዴልን ኤድዋርድ ቻፕማን፥ ሀንተርን ጄሪ ዴዝሞንድ ተጫውተዋቸዋል፤ ያዘጋጀው ሮበርት አሸር ነው። ዊዝደም በቀለም በተነሣ ፊልም ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1915 በለንደን የተወለደው ይህ ሰው፥ ልጅነቱን በረኃብና በመንገላታት አሳልፎ፥ ማደሪያ እስከ ማጣት ደርሶ፥ በኋላ በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገብቶ ሕንድ አገር ድረስ ሄዷል። በ2010 እስኪሞት ድረስ አገሩን ሲያሥቅ ኖሯል፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ንግሥቲቱ የ«ሰር» ማዕርግ ሰጥተውታል። በፊልሞቹ በአብዛኛው የሚታየው የጠበበው ኮት ለብሶ፥ ቆቡን አጣምሞ ደፍቶ ነው። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ሁሉ «ሚስተር ግሪምስዴል!» ብሎ የሚጮኸው ጩኸት በእንግሊዝ አገር እንደ ምሳሌ የሚጠቀስ ነው። እናታችን ይህን ጩኸት ከሰሙ በኋላ እስከ ሰኞ ድረስ በጠሩን ቍጥር በዚያ ድምፅ ሆነ።

ስለ ፍልሚያው ሁሉ አንተርክም። አዳኙ በጎልፍ ሜዳ ላይ የሚደርስበትን ያየ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ግን ስለ መጨረሻው ታላቅ ሁከት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ኖርማን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ ወደ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ውሃውም በዚያ ባማረ ቤት ውስጥ ይለቀቃል። እናታችን ይሥቃሉ፤ እኛም እንሥቃለን። ነገር ግን በሳቃችን መካከል፥ «ወዮ፥ ፋይሉ!» የሚል ቃል ሳናስበው ከአፋችን ወጣ። የምንሠራው በመዝገብ ቤት ነው፤ ውሃ ወደ ወረቀት ሲጠጋ ልባችን ይሸበራል። ይህ ጩኸታችን ወዲያው አሳፈረን። እስከዚያ ድረስ ከፈረሷ ጋር የቆምን መስሎን ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት ግን ድምፃችን የወጣው ከሀንተር ቢሮ ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ የፊልሙን ነገር መመርመር ያዝን፤ ያገኘነውም ሳቃችንን አልቀነሰውም፤ ግን ሌላ መልክ ሰጠው። መጀመሪያ ይህን ፊልም ያወጣው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ራንክ የተባለው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ፊልም የሚነሣበት የፓይንዉድ ስቱዲዮና ፊልም የሚታይባቸው እጅግ ብዙ ሲኒማ ቤቶች በአንድነት የነበሩት፥ በእንግሊዝ የፊልም ንግድ ውስጥ ከሁሉ የገነነ ነበር። መሥራቹ አርተር ራንክ ደግሞ በዱቄት ፋብሪካ ከበለጸገ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። እንግዲህ በኮንሶሊዴትድ ላይ እንድንሥቅ ቲኬት የቈረጠልን፥ በፊልም ዓለም ውስጥ ራሱ ኮንሶሊዴትድ የሆነ ድርጅት ነበር ማለት ነው። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም። ትልቅ ድርጅት ሕዝብ በትልቅ ድርጅት ላይ መሣቅ እንደሚወድ ማወቁና ይህንኑ መሸጡ የንግድ ብልሃት ነው።

ሁለተኛው ነገር የእውነተኛው ወተት ታሪክ ነው። በለንደን ውስጥ ግሪምስዴልን የመሰሉ ትናንሽ ወተት ቤቶች በእርግጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹን የያዙት ከዌልስ ገጠር የመጡ ቤተ ሰቦች ሲሆኑ፥ በቀድሞው ጊዜ በከተማው መካከል በግቢያቸው ላም እያኖሩ አልበው የሚሸጡም ነበሩባቸው። ትልልቆቹም ነበሩ። ፊልሙ ከመውጣቱ ስድስት ዓመት በፊት፥ በ1959 ዓ.ም.፥ ዩናይትድ ዴሪስና ካው ኤንድ ጌት የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች ተዋሕደው ዩኒጌት የተባለውን ግዙፍ ድርጅት አቋቁመዋል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተመልካች በፊልሙ ሲሥቅ ነገሩን ከደጃፉ ያውቀው ነበር።

እንግዲህ በመጨረሻ ማን አሸነፈ? ግሪምስዴል እንዳላሸነፈ ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። የሚያስደንቀው ግን አዳኙም አለማሸነፉ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ቤተ ሰብ የሚጠጣው ወተት አብዛኛው በየደጁ የሚታደል ነበር። ከዚያ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ገባ፤ የወተት መያዣውም ከጠርሙስ ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ፤ ሱፐርማርኬቱ ወተቱን በርካሽ መሸጥ ያዘ። በ1933 የተመሠረተውና የገበሬውን ወተት ሰብስቦ ይሸጥ የነበረው የወተት ገበያ ቦርድም በ1994 ቀረ። በየደጁ የሚታደለው ወተት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ እስኪሆን ድረስ ወረደ። ዩኒጌት የወተቱን ሥራ በ2000 ለዴሪ ክሬስት ሸጠ፤ ዴሪ ክሬስትም በተራው በ2015 የወተት ሥራውን ሙለር ለተባለው የጀርመን ስም ለያዘ ድርጅት አስተላለፈ። አዳኙን ሌላ አዳኝ በላው።

ከዚህ ጋር ወፎቹም ተጐዱ። ይህ ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሰማያዊ ራስ ያላት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። በ1921 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ ይህች ወፍ የወተት ጠርሙስ ክዳን በአፏ በስታ ከላይ የተንሳፈፈውን ቅባት ስትጠጣ ታየች፤ ልማዱም ከወፍ ወደ ወፍ እየተላለፈ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ፤ ሊቃውንትም ጽፈውበታል። ባለቤቱ ሳይነቃ ቅባቱን ስለምትቀድመው፥ በእርግጥ ማልዳ የተነሣችው ወፍ እርሷ ነበረች። ጠርሙሱ ከደጅ ሲቀር ግን የወፏም ጥበብ እየጠፋ ሄደ።

ሌላም የሰማነው ነገር አለ። በአልባኒያ፥ ኤንቨር ሆጃ አገሩን ከዓለም ለይቶ በሚገዛበት ዘመን፥ ከምዕራቡ ዓለም እንዲታዩ ከተፈቀዱት ጥቂት ፊልሞች መካከል የዊዝደም ፊልሞች ነበሩ። መንግሥቱ ትንሹ ሠራተኛ ከጌቶች ጋር የሚያደርገው ትግል ነው ብሎ ተርጕሞታልና። ሕዝቡም ሰውየውን እጅግ ወደደው፤ ዊዝደም በ1995 ቲራናን ሲጐበኝ በታላቅ ደስታ ተቀበሉት። እኛ በሕዝቡ ፍቅር እንስማማለን፤ በመንግሥቱ ትርጓሜ ግን አንስማማም። ፒትኪን የሚታገለው ለጌታው ነው። ግሪምስዴልም ጌታ ነው፤ ደመወዝ ከፋይ ነው፤ ይቈጣል፤ ይገሥጻል። ልዩነቱ ግሪምስዴል የሠራተኛውን ስም ያውቃል፤ ሠራተኛውም የፈረሷን ጠባይ ያውቃል፤ ፈረሷም ቤቶቹን ታውቃለች። ሀንተር ግን የሚያውቀው የከተማውን ካርታ ነው። እንደሚመስለን ፊልሙ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሀብታም ክፉ፥ ድኻ ደግ ነው አይልም።

አሁን ወደዚያ ማታ እንመለስ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ እናታችን ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያም፥ «ለመሆኑ የእኛ ወተት አምጪ እማማ ወዴት ደረሱ?» አሉን።

እኒህ እማማ ከሰፈራችን ወንዝ ማዶ ሁለት ላም ያረቡ ነበር። እኛ ገና ተማሪ ሳለን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ የወተት ዕቃቸውን በነጠላ ሸፍነው ይመጡና በኩባያ ለክተው ይሰጡናል። በክረምት ጭቃው እስከ ቍርጭምጭሚታቸው ይደርሳል። ላሚቱ ስትነጥፍ ይነግሩናል፤ ስትወልድ እንገር ያመጡልናል፤ እኛ ስንታመም ከወተቱ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ እኛ ነው። ሂሳቡ በወር መጨረሻ ይከፈላል። ሥራ ይዘን ደመወዝ መቀበል ስንጀምር ማቀዝቀዣ ገዛን፤ ከሱቅም በፋብሪካ የታሸገ ወተት ማምጣት ያዝን። ያም ወተት ዋጋው አልተወደደም፤ ሳይበላሽ ይቈያል፤ ሌሊትም ቢሆን ይገኛል። አንድ ቀን በር ላይ ቆመን ለእማማ፥ «ለጊዜው ይቈየን» አልናቸው። እርሳቸውም «ይሁን ልጄ» ብለው ሄዱ። ኮንሶሊዴትድ የሚባል ኩባንያ በሰፈራችን አልነበረም፤ ሀንተርም አልመጣም። ከበር ላይ የመለስናቸው እኛው ነን።

«የመጨረሻውን ወር ሂሳባቸውን ሰጥተናቸው ነበር?» ሲሉ እናታችን ደግመው ጠየቁን።

ሰጥተናል ብለን መለስን። ሆኖም እንቅልፍ ስለ ነሣን ተነሥተን የድሮውን ደብተር ፈለግን። ለየቀኑ አንድ ጭረት እየጫርን፥ በተከፈለ ጊዜ በቀይ ቀለም እናሠምርበት ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ጭረት አለ፤ ቀይ መሥመር የለበትም። ከአራት ዓመት በላይ ቈይቷል።

እሑድ ማለዳ ወንዙን ተሻግረን ሄድን። ላሞቹ የነበሩበት ግቢ ተነሥቶ በቦታው ፎቅ እየተሠራበት አገኘን። ዘበኛው ስለ እማማ የሚያውቀው ነገር የለም። በአጠገቡ ያለች ባለ ሱቅ፥ «ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የት እንደ ሆነ ግን እንጃ» አለችን። የአሥራ አንዱን ቀን ዋጋ በዛሬው ሂሳብ አስልተን በፖስታ አሽገን ደብተሩ ውስጥ አኑረነዋል። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ፥ «ሚስተር ግሪምስዴል፥ ተገኙ ወይ?» ይሉናል፤ እኛም ገና ነው እንላለን።