ሽፋኑን ስናነብ

የ2004 ዓ.ም. ዘፈኖች ሲነሱ የቤታችን ምርጫ አንድ ነው፤ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው»። በዚሁ ስም የሚጠራው ዘፈን አፄ ምኒልክንና የ1888ቱን የዓድዋ ድል ያነሳል።

ያኔ ግን ፊደል አናውቅም። ሲዲ የምንለየው በሽፋኑ ስዕል ነበር። አንድ ቀን ከገበያ የሌላ ዘፋኝ ይዘን ገባን። ጎረቤት ሳቀብን፤ እኛም አፈርን።

ዘንድሮ ፊደል ቆጠርን። የሲዲዎቻችንን ሽፋን አውጥተን ቀስ እያልን አነበብን። «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ይላል። ከየአንዳንዱ ቀጥሎ የሰው ስም አለ። ግጥም ቃሉ ነው። ዜማ ቃሉ የሚዜምበት መንገድ ነው። ቅንብር መሣሪያዎቹን ማስማማት ነው። ለካ ለአንድ ዘፈን ብዙ ሰው ይደክማል! ስማቸውን ሳናውቅ ስንት ዓመት ጨፈርን። አሁን ግን ስማቸውን እየጠራን እናመሰግናቸዋለን።