ክብደቱን የጣለው በየትኛው እግሩ ላይ ነው?

አጎቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እሱ ጠርቦ የደረደራቸው አጥሮችና የቤት መሠረቶች ዛሬም ቆመዋል። አሁን ወገቡን ስለሚያመው ሥራውን ትቷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ በርኖሱን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። ድምፃዊው ሐጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በተመለሰ ሰሞን ሐረር ላይ ቆሞ የነበረው የቀድሞው የሐረር ገዥ የራስ መኮንን ሐውልት መፍረሱን የሚያሳዩ ምስሎች በየስልካችን መዞር ጀመሩ። በዚያ ክረምት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ከሰው ሕይወት ፊት ሐውልት ምንም አይደለም። ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝ። ሳይፈርስ የተነሣ የድሮ ፎቶ ፈልጌ ለአጎቴ አሳየሁት። ራስ መኮንን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ እዚሁ አንኮበር አጠገብ ደረፎ ማርያም የተወለዱ ናቸውና፣ ስለ እሳቸው አንድ የቆየ ወሬ ያጫውተኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ያዘና ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ፣ «ፈረሱ ክብደቱን የጣለው በየትኛው እግሩ ላይ ነው?» አለኝ።

አላወቅሁም። ሐረር ሄጄ ያንን ሐውልት በአካል አይቼዋለሁ፤ ሥሩ ቆሜም ፎቶ ተነሥቻለሁ። ግን የፈረሱን እግር ልብ ብዬ አላየሁም። ሰውየውን ነበር ያየሁት። ማለቴ፣ ስማቸውን ነበር ያየሁት።

«ይሄን ሁሉ ሸክም በቀጫጭን እግር ማቆም ቀላል እንዳይመስልህ» አለና፣ «ማነው የሠራው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አፈወርቅ ተክሌ።»

«ሠዓሊው?»

«አዎ ጋሼ። የተወለዱትም አንኮበር ነው።»

«እንግዲያው የእኛው ልጅ ነዋ!» ብሎ ስልኩን እንደገና ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

በዚያ ክረምት ሰው ሁሉ የሚከራከረው ፈረሱ ላይ ስለተቀመጡት ሰው ነበር። መኮንን ለሐረር ምን ነበሩ፣ የማን ወገን ነበሩ፣ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም? ክርክሩ ቀላል ነው አልልም። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ግን የቀራፂውን ስም የጠራ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠራሁም። አንድ ጡረታ የወጣ ድንጋይ ጠራቢ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአፈወርቅን ሥራ እንደ አዲስ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. ነው የተወለዱት። ጣሊያን ሲገባ ገና ነፍስ ያላወቁ ሕፃን ነበሩ፤ ልጅነታቸው ያለፈው በወረራው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ጃንሆይ ተማሪዎቹን ሲሸኙ፣ ስትመለሱ ስለ አውሮፓ ረጃጅም ፎቆችና ሰፋፊ መንገዶች አትንገሩን፣ አገር የምትሠሩበትን ሙያ ይዛችሁ ኑ የሚል አደራ እንደሰጧቸው አፈወርቅ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ወጣቱ ግን ምህንድስናውን ትቶ ወደ ሥነ ጥበብ ዞረ። መጀመሪያ ለንደን በነበረው የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ስሌድ ውስጥ የተማሩት ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ቅርፃ ቅርፅና ሥነ ሕንፃም ተምረዋል። እኛ «ሠዓሊው» ብለን ስንጨርሰው የምንዘነጋው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዐውደ ርዕይ አሳይተው እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ባለ ቀለም መስታወት መሥራት ተማሩ። ደግሞም ከአገራችን ወጥተው በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች እየዞሩ አጠኑ። የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ብራና ለማየት ቫቲካን ድረስ መሄዱን ሳስብ ሁልጊዜ አንጀቴን ይበላኛል።

አንኮበርን ያላያችሁ ካላችሁ መንገዱን ልንገራችሁ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ። ዓይን የሚይዘው ነገር ሳይኖር ትሄዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ መሬቱ በአንዴ ያልቃል። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የአልዩ አምባ አገር ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ ቆላው እየነጣ ወደ አፋር ይወርዳል። የጥንት ነጋዴ ወደ ሐረርና ወደ ታጁራ የሚወርደው በዚያ በኩል ነበር። አንድ ጥር ወር ላይ ሌሊት ተነሥቼ ጎሕ ሲቀድ እዚያ ደርሻለሁ። ፀሐይዋ የወጣችው ከእግሬ በታች ነው። መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ የተራሮቹ ጀርባ አንድ በአንድ ጥቁር መስመር እየሆነ ከብርሃኑ ተለየ።

አፈወርቅ በሕፃንነታቸው ያንን አይተው በልባቸው ያዙት ብዬ አልምልም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ የታየኝ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ነው።

ያ መስኮት 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዳራሹን የነደፈው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈው የአፍሪካ መከራ በቀይ፣ ትግሉ በአረንጓዴ፣ የሚመጣው ዘመን በቢጫ የበላይነት ተሥሏል። ዘንዶ አለ፣ ችቦ አለ፣ ቤተሰብ አለ። አዳራሹ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መስታወቱም አብሮ ታድሷል።

ሰው ስለዚህ መስኮት ሲያወራ ታሪኩን ይተርካል፦ ዘንዶው ቅኝ ግዛት ነው፣ ይኼኛው እንዲህ ነው ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ነው ያየሁት፤ ክብደቱን የያዘው የትኛው ነው? ያን ጊዜ ዓይኔ ከሰዎቹ ፊት ላይ ተነሥቶ በመስታወቶቹ መካከል ወደሚያልፈው ጥቁር መስመር ሄደ። መስመሩ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይሳሳል፤ አንዱ ክንድ ላይ ይጠመዝዛል፣ ሌላው ትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሥዕሉን ተሸክሞ የቆመው እሱ ነው። ፊቶቹን በእጃችሁ ብትጋርዷቸውና ቀለሙንና መስመሩን ብቻ ብትተዉት ሥራው አይወድቅም። ይህ የቀራፂ እጅ ነው። ብርሃንን እንደ ድንጋይ እየቆረጠ የደረደረ ሰው እጅ ነው።

አፈወርቅ ረቂቅ ጥበብ ይሠሩ ነበር ልላችሁ አይደለም፤ አልነበሩም። የሰው መልክ ይወዱ ነበር። እሳቸው በተወለዱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ሐረር ላይ የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ሌላውን መንገድ ሄደ። እሱ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና መልክ የሌለው ሥዕል አዲስ አበባ ላይ ሰቀለ። ብዙ ሰው ግራ ገባው፣ «ይሄ ምንድነው?» ተባለ። ገብረ ክርስቶስ በስደት አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ሁለቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አግኝተዋል፤ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገብረ ክርስቶስ በዓመቱ። የአንኮበሩ ልጅ ሐውልቱን ሐረር ተከለ፤ የሐረሩ ልጅ ደግሞ የትም የማይተከል፣ ስም የሌለው ቅርፅ ለአገር ሰጠ። ስለሁለቱ ሳስብ ማንን ከማን ማስበለጥ እንዳለብኝ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። የሚያስጨንቀኝ አንዱንም በቅጡ ሳናየው መኖራችን ነው። የአንዱን ሥራ የተሠራለት ሰው ስም ጋረደብን፤ የሌላውን ስም ስላጣንበት አለፍነው።

ይህ የዓይን ችግር ብቻ አይመስለኝም። ከሥር ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ሲባሉ ኖረዋል። አንኮበርና አካባቢውም ከዚህ ነፃ አልነበሩም፤ ማረሻውንና ቢላውን ከሠራው ሰው ጋር ማዕድ የማይቀርቡ ቤቶች ነበሩ። አንኮበርን መናገሻቸው ያደረጉት ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው እስከ ማወጅ ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ንቀቱ ቢከፋ ነው። አጎቴም በጉብዝናው ጊዜ ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ልኮ «ድንጋይ ከሚፈልጥ ጋር አንዛመድም» ተብሎ መመለሱን እናቴ በሹክሹክታ ነግራኛለች። እሱ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም።

ስለዚህ አፈወርቅ «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» ተብለው መጠራታቸውን በዝቷል የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። ራሳቸውን ማክበራቸውን እንደ ኩራት የሚቆጥር ብዙ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሠሪ በተናቀበት አገር አንድ ሠሪ ቀና ብሎ ስሙን በሙሉ ማዕረግ ሲያስጠራ፣ ያ ቀና ማለት ለአጎቴም ይደርሰዋል። ቪላ አልፋ የተባለውን ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለውን ቤታቸውንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ራሳቸው ነደፉት፤ የአክሱምና የጎንደር ቅርፅ አስገቡበት፤ ኖሩበት፣ ሠሩበት። ሰው የሚገባበት ትልቅ ቅርፃ ቅርፅ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት መልኩን ከነጭራሹ ትተው ክብደቱን ብቻ የያዙ አሉ። እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ እ.ኤ.አ. በ2001 ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ቅርፅ ሠሩ። 16 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከበደች በሶማሊያ እስር ቤት አሥር ዓመት ያህል አሳልፋ የወጣች ሴት ናት። ግድግዳው ላይ የአንድም ጀግና ፊት የለም፤ የመስቀል፣ የጨረቃ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የዕቃና የዕፅ ቅርፆች ተያይዘው ይፈሳሉ። ኤልያስ ስሜ ደግሞ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ጥልፍ እየሰደረ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል፤ መካኒሳ ያለው የዞማ ሙዚየም የጭቃ ግድግዳም የእሱ እጅ ያለበት ነው።

የኔክሰስንም ፎቶ ለአጎቴ አሳይቼው ነበር። «ይሄ ምንድነው?» ይላል ብዬ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። አላለም። በአውራ ጣቱ የስልኩን መስታወት ዳሰሰና «ሲነኩት ይሻክራል?» አለኝ።

እሱ ድንጋይ ሲመርጥ መጀመሪያ በመዶሻው ጀርባ መታ ያደርገዋል። ጥሩው ድንጋይ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ እንደታፈነ ይቀራል። ቀጥሎ ውኃ ያፈስበታል፤ ሲረጥብ የድንጋዩ ሥር ወጥቶ ይታያል፤ መሮውን የሚያሳርፈው ያንን ተከትሎ ነው። ግቢው ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ የተጠረበ፣ ሌላው ጎኑ እንዳለ የተተወ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነው። ለማን ነው፣ ለምንድነው ያልሸጥከው ስለው፣ «ይኼኛው ገጹ በቂው ነው፤ ከነካሁት ይበላሻል» ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ ሰው ይቀመጥበታል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አጎቴ የፈረሱን እግር ነገር አልተወውም። በሄድኩ ቁጥር «አገኘህልኝ?» ይለኛል። ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ከፊት ለፊት የተነሣ ነው፤ እግሮቹ ተደራርበው አይለዩም። እናንተ ወይም ቤተሰቦቻችሁ ሐረር ሄዳችሁ ከራስ መኮንን ሐውልት አጠገብ ፎቶ የተነሣችሁ ካላችሁ፣ የድሮ አልበም ገልጡልኝ። ከጎን የተነሣ ነው የምፈልገው፤ አራቱም የፈረሱ እግሮች የሚታዩበት። ደብረ ብርሃን ላይ በትልቁ አሳትሜ እወስድለታለሁ።