ትከሻ የሌለው ቢት

መቼም ሰው ሲያፍር የሚገባበት ጉድጓድ ያጣል ይባላል። እኛ ላሊበላ ተወልደን ስላደግን ጉድጓድ አይቸግረንም፤ ዙሪያችን ሁሉ ዋሻ ነው። ያን ቀን ግን አንዱም አይበቃንም ነበር።

ነገሩ ከጦርነቱ በፊት የሆነ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲዳር ሦስታችን ሁለት ወር ሙሉ ያቀናበርነውን ቢት ይዘን ድንኳን ገባን። አሮጌ ኮምፒውተር፣ የተከራየነው ስፒከር፣ ከአንድ አዝማሪ በስልክ የቀዳነው ማሲንቆ፣ ከሥሩ ደግሞ የኒውዮርክ መንደር የሚያናውጥ ከበሮ። ለቀቅነው። ሕፃናቱ አጨበጨቡልን። ትልልቆቹ የጠላ ጣሳቸውን ይዘው በትሕትና አዳመጡን። በሠርግ ቤት በትሕትና ከመደመጥ የከፋ ውርደት የለም!

የሙሽራው አክስት ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ድምፁስ ያማረ ነበር። ትከሻ የለውም እንጂ» አሉንና ከበሮውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ሶኬቱን ነቅለን ሳንጨርስ ድንኳኑ በእስክስታ ተናወጠ።

ለመሆኑ እናንተ ማን ናችሁ ካላችሁ፣ አንዳችን ቱሪስት እያስጎበኘ፣ አንዳችን ስልክ እየጠገነ፣ አንዳችን ፍላሽ ላይ ዘፈን እየጫነ የሚኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ኮምፒውተሯን የገዛናት በቁጠባ ነው። ውስጧ ያለው ፍሩቲ ሉፕስ ግን በፍላሽ የተቀዳ ነው (ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ አትጠይቁን)። ቴዲ ዮ የጉራጌን ጭፈራ ከራፕ ጋር አጋብቶ «ጉራጌቶን» ሲል ሰምተናል፤ እኛስ «ላስታቶን» ብንል ማን ይከለክለናል? ደግሞስ የካሴቱ ዘመን ጌቶች፣ ሮሃ ባንዶች፣ የተጠሩበት ስም የከተማችን የጥንት ስም አይደለም እንዴ? ሙዚቃው በዘር የወረደልን መስሎን ነበር።

ግጥሙማ አልቸገረንም። አዝማሪ በጆሮው የተነገረውን ስንኝ አየር ላይ ተቀብሎ አሳምሮ ሲመልስ አይተን አድገናል። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚያዜሙትን፣ ከከተማችን ጋር ስም የሚጋሩትን ላሊበሎችም እናውቃለን። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ፍሪስታይል ከብሮንክስ የመጣ ተአምር አይሆንም። ችግራችን የነበረው ከታች ነው፤ እግሩ ላይ።

ከሠርጉ በኋላ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈን ሰነበትን። ከዚያ አንዳችን ያንኑ ከበሮ ተውሶ መጣ። ሰፌድ ላይ ባቄላ ደረደርን፤ አንዳችን ይመታል፣ አንዳችን ይቆጥራል፣ አንዳችን በየምቱ ባቄላ ያነሣል። ያገኘነው መልስ ቀላል ነው፤ ያሳፍራልም።

ፍሩቲ ሉፕስን ስትከፍቱት በአንድ መስመር 16 ትንንሽ ሣጥኖች ይደረድርላችኋል። አራት ምት፣ እያንዳንዱ ምት ለአራት ተከፍሎ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር 808 ድራም ማሽንም ፊቱ ላይ የደረደረው 16 ቁልፎችን ነው። አፍሪካ ባምባታ በ1982 ያወጣው «ፕላኔት ሮክ» የተሠራው በዚህ ማሽን ነው። የዳንስ ሙዚቃውም ሂፕሆፑም መንገድ የያዘው በ16 ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ችክችካ ደግሞ 6 ለ 8 ነው የሚሄደው። ምቱ ለሦስት ይከፈላል። አራት ምት ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ 12 ሣጥን ነው። እኛ ለካ ሁለት ወር ሙሉ የአዝማሪውን ማሲንቆ እየጎተትንና እየቆራረጥን 12ቱን 16 ሣጥን ውስጥ ስንጠቀጥቅ ነው የከረምነው! ትከሻ ደግሞ የሚነሣበትን ቦታ ያውቃል፤ ቦታው ላይ ምት ካጣ አይነሣም። የሚገርመው ማሽኑ በ12ም መቁጠር ይችላል። ካልጠየቃችሁት ግን 16 ነው የሚሰጣችሁ።

ያኔ ነው ሂፕሆፕ እንዴት እንደተጀመረ ደግመን ማንበብ የጀመርነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ፣ ከጃማይካ የመጣው ኩል ኸርክ እህቱ ባሰናዳችው ግብዣ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ግብዣው የተጠራው ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነው። ኸርክ ዓይኑ ጨፋሪዎቹ ላይ ነው። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ቦታ ጠብቀው እንደሚነሡ አስተዋለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ገዝቶ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየመለሰ ያችን ቦታ አስረዘማት። እኛ ያነበብነው ስለ ማሽን ነበር፤ እሱ ያነበበው ሰው ነበር። የሙሽራው አክስትም ያሉን ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው መምህራችን ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት፣ ሒልተን የገባ ጨፋሪ እስኪነጋ አይወጣም ነበር። ጋሽ ኃይሉም ከዋልያስ ባንድ ጋር እስኪነጋ ሲጫወቱ ጨፋሪ ሲያነቡ አድረዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ከአኮርዲዮን፣ ከኪቦርዶችና ከድራም ማሽን ጋር ሆነው «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጹ። ስሙትና ፍረዱ፦ ማሽኑ ማሽን ነው፣ ትከሻው ግን ትከሻ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ታክሲ ነዱ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናው የኋላ ኮፈን ኪቦርድ እያወጡ፣ በባትሪ፣ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ 28 ዓመት አለፈ። በ2018 ያወጡት አልበም ደግሞ «ላላ በሉ» ይባላል። አፋችሁ ከተቻኮለ የከተማችንን ስም ጠራችሁ ማለት ነው።

ፈረንጅ 2013 ሲል የጋሽ ኃይሉን ትንሣኤ ነው። እኛ 2013 ስንል ግን ሌላ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማችን እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። መብራት ጠፋ፤ ለወራት አልመጣም። ኮምፒውተራችን የስኒ ማስቀመጫ ረከቦት ሆነች። ስፒከር መከራየት ይቅርና የስልክ ባትሪ መሙላት ወግ ነበር። ኮሮና ያባረረው ቱሪስት ሊመለስ ነው ሲባል ጭራሽ ቀረ፤ አስጎብኚው ጓደኛችንም የሚያስጎበኘው ሰው አጣ።

በዚያ ጨለማ ቁጭ ብለን የሠራነው ነገር ቢኖር ጀሪካን መምታት ነው። በ12። አንዳችን ሦስት ሦስቱን ይይዛል፣ አንዳችን ዋናውን፣ አንዳችን ሳይመታ ዝም የሚባልበትን ቦታ ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ በባትሪ ኪቦርድ የሚለማመዱት ሽማግሌ ትዝ ሲሉን ጀሪካኑ ያን ያህል አላስከፋንም። የአንዳችን እናት ማታ ማታ፣ «አሁን ከዚህ እንጀራ ይወጣል ብላችሁ ነው?» ይሉናል። መልስ አልነበረንም። እውነቱን እንናገር ካልን አሁንም የለንም። ከቢት የተገኘ ገቢያችን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ አንዳችንም አዲስ አበባ ገብቶ የሰው ዘፈን ያስተካክላል። ሁለታችን እዚሁ ነን።

ባለፈው ጊዜ ግን ሌላ ሠርግ ነበር። ሦስተኛችን ለሠርጉ ከአዲስ አበባ መጣ። አዲስ ቢት ያዝን፤ ከ12ቱ ሣጥኖች ጥቂቶቹን ባዶ ተውናቸው፣ ከበሮ የያዘ ሰው እንዲገባባቸው ብለን። የዚያን ጊዜዎቹ አክስት ከዳር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከበሮ መያዝ ትተዋል። ለቀቅነው።

ሦስታችንም ዓይናችን እሳቸው ላይ ነበር። አልተነሡም። አላጨበጨቡም። የጠላ ጣሳቸውን ግን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ቀኝ ትከሻቸው፣ አንዴ ብቻ፣ ነጠላቸው ውስጥ ብድግ አለች።

ለጊዜው ደመወዛችን ይችው ናት።