ልጄ ያለ ደመወዝ የምታመሽበት ሥራ

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ጋር ያጋጨን ነገር በብዙ እናቶች ቤት ስለማይጠፋ ለዚህ ዓምድ ልጽፈው ወደድሁ።

ልጅቱ ማታ ማታ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ ታመሻለች። እራት ቀርቦ ይቀዘቅዛል፤ ታናሽ ወንድሟን የምታስጠናበት ሰዓት ያልፋል። ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት «ሲምፓይ» የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ስሕተት እንደምታርም ነገረችኝ።

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«ምንም።»

እኔ በመምህር ደመወዝ የኢንተርኔት ፓኬጅ እየገዛሁ እሷ ለማታውቀው ሰው በነፃ ትሠራለች! ተቆጣሁ።

እሷ ግን ወረቀት አቀረበችልኝ። «እማዬ፣ የኤክስ ዳግም ርቢ ዳግም ዘሩ ስንት ነው?»

«ኤክስ ነዋ!»

«ኤክስ ነጌቲቭ 3 ቢሆንስ?»

ዳግም ርቢው 9፣ የ9 ዳግም ዘር ደግሞ 3 ነው። ከነጌቲቭ 3 ተነሥቼ 3 ላይ ደረስሁ። አፈርሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ በጥድፊያ አልፌዋለሁ!

ተራ ካልኩሌተር በቁጥር ብቻ ያሰላል። ሲምፓይ ግን ፊደሉን እንደያዘ ስለሚያሰላ ኤክስ ፖዘቲቭ መሆኑ ካልተነገረው መልሱን ኤክስ ብሎ አይቸኩልም። ኦንድሬ ቼርቲክ የተባለ የቼክ ተወላጅ ጀመረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ውስጡንም ከፍቶ ያያል። ያረሙት ሰዎች ስም ዝርዝር ከአንድ ሺህ በላይ ነው።

ልጄ ያገኘችውም ለፖዘቲቭ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ሕግ ለሁሉም የዋለበትን አንድ ጥግ ነበር። አሠራራቸው የእኛን የደብተር እርማት ይመስላል፤ ይከብዳል እንጂ። መጀመሪያ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ፈተና ይጻፋል፣ ቀጥሎ እርማቱ፣ ከዚያም የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ሁሉ እንደገና ይሞከራሉ። በመጨረሻ ነባር አራሚ ያነበዋል።

የእሷ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሁለተኛው ሲመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁና ከጎኗ ተቀመጥሁ። ኮዱን አላውቅም፤ ሒሳቡን ግን አውቃለሁ። «ዜሮ ሲሆንስ ሞክረሽዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። አልሞከረችም ነበር።

ከሳምንት በኋላ እርማቷ ተቀባይነት አገኘ። አሁን ስምምነታችን እራት በልታ፣ ወንድሟን አስጠንታ ነው። እኔም ክፍል ገብቼ የቀድሞውን ትምህርት መልሼ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና «እስቲ ኤክስን ነጌቲቭ 3 አድርጉት» አልኋቸው።